የአባዬ አድማጮች ደጃችን ሲቆሙ

አባዬ «ፖድካስት ልጀምር ነው» ሲለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ቃሉን ከየት እንዳመጣው እንጃ። «ራዲዮ ማለትህ ነው?» ብለው፣ «ራዲዮ አለቃ አለው፤ እኔ አለቃ በቃኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ዕድሜውን ሙሉ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆኖ የሰው ቃል ሲመዘግብ ኖሯል። «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው ዳኛ አንድም አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ንግግር መውጫ ፈለገ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ቤት ውስጥ ሰሚው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል የነበርኩ ሰው አይደለሁም።

በእኔ ስልክ ጀመርን። መስኮቱ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቀልን። ከአጥራችን ማዶ ያለውን ብየዳ ቤት ለምነን ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ግራይንደሩን እንዲያጠፉልን ተስማማን። የወያላውን «አየር ጤና! አየር ጤና!» ግን ማን ይለምነዋል? በየዝግጅቱ አለበት።

አባዬ ወግ አጥባቂ ነው፤ በኩራት ነው የሚናገረው። መንግሥት መንገድ ይሥራ፣ ሌባ ይያዝ፣ ዳኛ ያስቀምጥ፤ ከዚያ ወዲያ እጁን ከእድርና ከቤተሰብ ላይ ያንሳ ይላል። «ሰፈር ሲነሳ ለቤቱ ምትክ ይሰጣል፤ ለእድሩስ ምን ምትክ አለው?» እያለ ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ እኔ በእጄ «ቀስ!» እለዋለሁ። ሲጨርስ ቀና ብሎ ያየኝና «ቆመ?» ይለኛል። ቀዩን ምልክት ተጭኜ «ቆመ፣ አባዬ» እስክለው ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። ችሎት ሳይነሳ የማይነሳ ሰው ልማድ ነው።

ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው። መጀመሪያ ጭር አለ። በሦስተኛው ቀን አንድ የማናውቀው ሰው «ይንገሯቸው አባታችን!» ብሎ ጻፈ። ወይኔ! በነጠላ ጫማ ግቢውን እየሮጥኩ ዞርኩት። «አባዬ፣ ሰው ሰማህ! የማናውቀው ሰው!» አልኩት። አባዬ ምንም እንዳልመሰለው ጋዜጣውን ገለጠ፤ ጋዜጣው ግን ተዘቅዝቆ ነበር።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! አስተያየቱ ይጎርፍ ጀመር። ግማሹ ይመርቀዋል፤ ግማሹ «አባባ፣ እርስዎን ሙዚየም ነው ማስቀመጥ» ይለዋል። የስልክ ፊደል ለዓይኑ ስለሚያንስ የማነብለት እኔ ነኝ። ስድቡን ላለሳልስለት ስሞክር ይይዘኛል። «እንዳለ አንብቢ፤ መዝገብ አይቀነስም» ይለኛል። እንዳለ ሳነብለት ደግሞ ደስ ብሎት፣ «ተቃውሞው ተመዝግቧል» ይልና ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ቀን ከኮልፌ ስመለስ ታክሲው ሞልቶ ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል፣ ከኋላ አንዱ «ተቃውሞው ተመዝግቧል!» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ «የኔ አባት ነው እኮ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

እንዲህ ሞቅ ባለን ሰዓት ነው የእኔ ጉዳይ የመጣው። ሥራዬ ሰሚት ነው፤ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ከቀራንዮ ሰሚት ማለት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ያረጀሁት። እዚያው ኮንዶሚኒየም የተከራየች ጓደኛዬ አንድ ክፍል እንደተለቀቀላት ስትነግረኝ ልቤ እዚያው ሄደ። ራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰና፣ «ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በሽማግሌ ነው» አለኝ።

«ሽማግሌ እስኪመጣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ልሸብት?»

«ተቃውሞው ተመዝግቧል» አለ። የዚያን ቀን አላሳቀኝም። ሳምንቱን ሙሉ ተኮራርፈን ከረምን።

ቅዳሜ ሲደርስ፣ እየተቀዳ አስተያየቶቹን እያነበብኩ ሳለ አንድ የራሴን ጣል አደረግኩ። «አንዲት አድማጭ ከሰሚት እንዲህ ትላለች» ብዬ ጀመርኩ። አባቷን እንደምትወድ፣ ሥራዋ ሩቅ እንደሆነ፣ ሳታገባ ቤት ብትከራይ ነውሩ ምኑ ላይ እንደሆነ ጠየቅኩ። ድምፄ መሀል ላይ ከዳኝ። አባዬ ቀና ብሎም አላየኝም። «ለዚች አድማጭ እንዲህ በያት» አለ። «ከአባት ቤት በሽማግሌ ይወጣል። ሽማግሌ ደጁ የቆመበት አባት ደግሞ ማሳፈር አይችልም። ወግ ለልጅም ለአባትም እኩል ይፈርዳል።» ከዚያ እንደ ልማዱ የቤታችንን ምልክት ተናገረ። «ደጄ ክፍት ነው፤ ቀራንዮ መድኃኔዓለምን አለፍ ብሎ፣ ከብየዳ ቤቱ አጠገብ፣ አረንጓዴው በር።» ተው ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ! «ቤቱን ደብቆ ሐሳቡን የሚናገር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ነው የሚለኝ።

አድማጭ ጆሮ አለው። በዚያው ቀን «ኧረ ይቺ የራሳቸው ልጅ ናት! ድምጿን አልሰማችሁም?» የሚል ተጻፈ። ከሥሩ ጦርነት ተነሳ። «ይልቀቋት!» «አይልቀቋት!» «የልጅ ውለታ ይሄ ነው?» «አባባ ራሳቸው ሰሚት ይመላለሱና ይዩት!» አንባቢው እኔ ስለሆንኩ አንዱንም ለአባዬ አላነበብኩለትም። መዝገብ የቀነስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሁለተኛው እሁድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ሁለቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቅዳሴ፣ አንዱ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከቸርች። አንደኛው ኮልፌ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሌላው አየር ጤና የጋራዥ ባለቤት፣ ሦስተኛው ከዘራ የያዙ ጡረተኛ ናቸው። እርስ በርስ የሚተዋወቁት በአባዬ ዝግጅት ሥር በሚጽፉት አስተያየት ብቻ ነበር። ጠዋት አየር ጤና ፌርማታ ተቀጣጥረው በአካል ለመጀመሪያ ጊዜ ተያይተው ነው የመጡት።

አባዬ ደስታው ወሰን አጣ። አድማጮቹ! ቤቱ ድረስ! «ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ!»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ባለ ከዘራው።

አባዬ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔም ወደ ጓዳ በር ሸሸሁ፤ ማን ነው የሚያገባኝ?

«ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣነው» አሉ የጋራዡ ሰውዬ።

«ለማን?» አለ አባዬ።

«ለራሷ።»

እኔ ጓዳ በር ላይ ሆኜ አፌን በእጄ ያዝኩ። ነጋዴው ቀጠሉ። «እንግዲህ እውነቱን ለመናገር እኔም እንደርስዎ ነኝ። ልጅ አባቷ ቤት ብትቀመጥ ደስታዬ ነው። እኔ የራሴን ልጅ አልሰድም። ነገር ግን በሽማግሌ ብለዋል፤ ሽማግሌ ነን። ማሳፈር አይቻልም ብለዋል፤ ደጅዎ ቆመናል።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ በገዛ ቃሉ ሲያዝ አይቼው አላውቅም። ልሳቅ ወይስ ልደበቅ አላውቅም፤ ሁለቱም አማረኝ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በአንድ ጊዜ ልጅ አይሰጥም። ለሁለት ሳምንት ተቀጥሯል» አለ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። ወጉ እንደዚያ ነውና አንዳቸውም አልተቀየሙም።

በቀጠሮው ቀን ከች አሉ፤ አሁንም ቆመው። አባዬ ብዙ ክርክር አዘጋጅቷል ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን መሬት መሬት እያየ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «እኔንስ ማን ይቀዳኛል?»

ወር ሙሉ የተጣላሁት ከወግ ጋር መስሎኝ ነበር።

የጋራዡ ሰውዬ ቶሎ ብለው፣ «ስልክ ይለመዳል ጌታዬ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለምጄ እርስዎን እየተሳደብኩ አይደል?» አሉ። አባዬ ሳቀ። «ሙዚየም ያሉኝ እርስዎ ነዎት?» «እኔው ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።» አባዬ ተነሣ። «ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ» አለ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ዘጭ አሉ፤ ለካ ጉልበታቸው አልቆ ነበር። እልል የሚል ሌላ ሴት ስላልነበረ እኔው ራሴ እልልታውን አቀለጥኩት።

ከመሄዴ በፊት አሮጌ ስልኬን ሰጠሁትና አስተማርኩት። «ይህን ተጫን፣ ወደ ላይ ሳብ፤ ስትጨርስ ይቺን ቀስት ንካ፤ ራሱ ይሄዳል።» እንደ ተማሪ በወረቀት ጻፈው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሚት፣ በአዲሱ ክፍሌ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ የአባዬን ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ማንም አድማጭ ሰማሁ። እንዴት ያምር ነበር! ወያላው አለ፣ ጠረጴዛው ይደበደባል። እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ንግግሩን ጨረሰ። ከዚያ፣ «ቆመ?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም። ቀስቷን መንካት ረስቷል። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ ነጠላ ጫማው ወደ ጓዳ ሄደ። አንድ ሳህን ወጥታ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ተሰማ። ደግሞ «ቆመ እንዴ?» አለ፤ ተመልሶ መጥቶ ቀስቷን ሲነካት ተቋረጠ።

አስተያየቱን ከፈትኩ። «ቆሟል አባባ።» «ቆሟል አባታችን፣ ይነሡ።» ሙልጭ አድርገው የሚሰድቡት ልጆች ሳይቀሩ፣ «ቆሟል አባባ፣ ምሳዎን ይብሉ» ብለዋል። የጋራዡ ሰውዬ፣ «ቆሟል ጌታዬ፤ ሳህን ግን አንድ ብቻ ሰማን» ብለው ጽፈዋል። የሚያነብለት ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ደወልኩለት። ምን እንደሆነ ሳልነግረው አንድ በአንድ አነበብኩለት፤ አንድም አልቀነስኩም። ስጨርስ፣ «ያቺ የሰሚቷ አድማጭስ? እሷ ምንም አላለችም?» አለኝ።

«ቆሟል አባዬ፤ ነገ ሁለት ሳህን አውጣ ትላለች» አልኩት።

«ተመዝግቧል» አለኝ።