እጅ የነሣው ማንኪያ

ታናሽ እህቴን በልጅነቷ ጎርፍ ወስዷት ነበር። ባዶ ጄሪካን አቅፋ ድልድይ ሥር ተገኘች። ያወጧት ሰዎች ጄሪካኑን ከእጇ ለማስለቀቅ ለሁለት ሲታገሉ አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ልጄን ስጡኝ፤ ጄሪካኑን እሷ ስትፈቅድ ትሰጣችኋለች» አላቸው። ከዚያ ወዲህም የያዘችውን በቀላሉ ስትለቅ ያየ የለም።

ልጆቿን ካሳደገች በኋላ፣ ከበቆሎ የሚሠራና የሚበሰብስ የፕላስቲክ ማንኪያ በሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነች። እያንዳንዱን ማንኪያ ወደ መስኮቱ አንሥታ አሻግራ ታይበታለች። የጠራውን ታሳልፋለች፤ የደፈረሰውን ከረጢት ውስጥ ትወረውራለች።

አንድ ጊዜ ፋብሪካው ገዢ አጥቶ ሊዘጋ ደረሰ። የቀረው ተስፋ አንድ ሆስፒታል ነበር፤ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ማንኪያውን በትኩስ ሾርባ ልትሞክር ቀን ቆረጠች። አዲሷ መሐንዲስ ለዚሁ ብላ የማሽኑን ቅርጽ ማውጫ አሞቀችና ማንኪያው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አደረገች። የወጣው ሁሉ ወተት መሰለ። እህቴም ከረጢቱን ሞላችው።

«እትዬ፣ ምነው ደህናውን ይጥሉታል?» አለቻት ወጣቷ መሐንዲስ።

«ዓይኑ ሞራ የለበሰ ማንኪያ ለእንግዳ ላቀርብ?»

«ጥንካሬው እኮ እሱ ነው። ይህ ፕላስቲክ በረቂቁ ሲታይ ረጃጅም ክር ነው። ድንገት ሲቀዘቅዝ ክሩ እንደተወሳሰበ ይቀራል፤ ይጠራል፣ ግን ትኩስ ሲነካው ይልፈሰፈሳል። ሞቅ ብሎ ሲቆይ ክሮቹ እየተጣጠፉ ይደረደራሉ፤ ክሪስታል ይሆናሉ። ያኔ ይደፈርሳል፣ ሙቀት ግን ይችላል።»

«እኔ ክር አላየሁም። ያየሁት ያልታጠበ የሚመስል ማንኪያ ነው።»

በሽምግልናዬ መጽሐፍ ገልጬ አመሳክሬዋለሁ፤ ልጅቷ አልተሳሳተችም። እህቴ ግን በቀጠሮው ዋዜማ ማንም ሳያያት የቅርጽ ማውጫውን ሙቀት ዝቅ አደረገችው። እንደ ብርጭቆ የጠራ ማንኪያ ወጣላት። በነጭ ጨርቅ ወልውላ ደረደረችው።

እንግዳዋ ተቀመጠች፤ ሾርባው እየተነነ ቀረበ። ማንኪያውን ነክራ አማሰለችና ብታነሣው አንገቱን ሰብሮ እጅ ነሣ።

«ጨዋ ማንኪያ ነው» አለች፤ «እኔ ግን የመጣሁት ለሰላምታ አይደለም።»

ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆነ። መሐንዲሷ ማንኪያውን ስታይ ማሽኑን ማን እንደነካው ገባት። እህቴን አየቻት፤ ቃል ግን አልተነፈሰችም። እህቴ ብድግ አለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ትንሽ ይታገሡኝ፤ ትክክለኛውን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ከረጢቱን እየጎተተች ወደ ቧንቧው ሄደች፤ መሐንዲሷም ተከተለቻት። አጥበው ያመጡት ደፍራሽ ማንኪያ ሾርባው ውስጥ ገብቶ ቀጥ እንዳለ ወጣ። እንግዳዋ ሳህኑን ጨረሰችበት።

«አፈር ውስጥስ ይበሰብሳል?»

«ከጠራው ይልቅ ይዘገያል» አለች መሐንዲሷ ሳትደብቅ፤ «በደንብ በሞቀ የብስባሽ ክምር ውስጥ ግን ይበሰብሳል።»

«ይዘግይ። እኔ የምፈልገው ምሳ እስኪያልቅ እንዲቆይልኝ ነው።»

ፋብሪካው ሳይዘጋ ቀረ። እህቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ደፍራሹን ስታሳልፍ ኖረች፤ የጠራ ካጋጠማት እንደ ሌባ ትገላምጠው ነበር።

ከሥራ ዘመኗ ሁሉ የማትረሳው ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ማንኪያውን ተወው» አለችኝ። «ያቺ ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣቷን ብትቀስርብኝ እውነቷን ነበር። እሷ ግን እጅጌዋን ሰብስባ አብራኝ ማንኪያ አጠበች።»