ከአርጆ ነቀምቴ፦ የአባባን ኩላሊት ለማስመርመር

ከጠዋቱ 12፡30፣ አርጆ

ከአባባ ጋር ወደ ነቀምቴ ሚኒባስ ተሳፈርን። አባባ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው። ደሙ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ስለተገኘበት ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንድ ክኒን ይውጣል። ሰሞኑን ጭኑንና ወገቡን ያመው ጀመር። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሽንቱን መረመረና፣ «መድኃኒቱ ኩላሊታቸውን ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ሆስፒታል ይታዩ» አለኝ።

መንገድ ላይ

ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን። ከአባባ ጎን ሙዝ የያዘች ነጋዴ ተቀምጣለች።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» ብላ እንዴት እንዳደረ ጠየቀችው።

«ነጋ» ብሎ ደህና ማደሩን ነገራት፤ በኦሮምኛ ትንሽ ተጫወቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክኒኑን ከተውኩት አስር ቀኔ ነው» አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ኩላሊት ይጨርሳል ሲሉ ሰማሁ። ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው።»

አልተቆጣሁትም። ፈርቼ ነበር።

4፡00፣ ነቀምቴ

ሆስፒታል ገብተን ክኒኑን ማቋረጡን ለሐኪሟ ነገርኳት። እሷም፣ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀችው። አባባ ከኮቱ ኪስ የሕመም ማስታገሻ አወጣ፤ ለጉልበቱ ብሎ በየቀኑ የሚውጠው ነው። እኔም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«አባቴ፣ ይሄም ኩላሊት ይጎዳል፤ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። የጉበቱን ግን በራስዎ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ቫይረሱ ተነስቶ ጉበትዎን ሊያቆስለው ይችላል።»

ደምና ሽንት ሰጥቶ ውጤቱን ስንጠብቅ አንድ ምግብ ቤት ገብተን አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር በላን። አባባ ብዙም አልቀመሰም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውጤቱ ደረሰ። ጉበቱ ደህና ነው፤ ኩላሊቱ ግን ደክሟል። ሐኪሟ የጉበቱን ክኒን ኩላሊት ላይ እምብዛም በማይከብድ ሌላ ክኒን ቀየረችለትና በወሩ እንድንመለስ ቀጠረችን።

«ኩላሊቱ ይመለሳል?» አልኳት።

«የተወሰነው ይሻሻላል። ሁሉም ላይመለስ ይችላል። ቀድሞ በየጊዜው ቢመረመር ኖሮ እዚህ ሳይደርስ እናውቅ ነበር።»

ከምሽቱ 12፡00፣ አርጆ

ይህን ጉዞ የምጽፈው እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚወስድ ዘመድ ላላችሁ ነው፤ ኩላሊቱን በየጊዜው አስመርምሩ። እኔ ማታ ማታ «ዋጥክ?» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ ሲውጠው ምን እንደሚሰማው ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

ከሚኒባሱ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ጠየቅኩት።

«ከየቱ ልጀምርልሽ?» አለና እየሄድን ይነግረኝ ጀመር። በራፋችን ስንደርስም ገና አልጨረሰም ነበር።