የጓንዡ እልልታ

ጎንደር ላይ የንዋየ ቅድሳት ሱቅ አለኝ። አምና ለጥምቀት የሚሆን የቤተ ክርስቲያን ጥላ ላሠራ ብዬ ቻይና፣ ጓንዡ ድረስ ሄድኩ። ይዘውኝ የሄዱት መንገዱንም ቋንቋውንም የሚያውቁት የኮላ ድባው ነጋዴ አያ ታደሰ ናቸው።

ፋብሪካው ውስጥ የመጀመሪያው ጥላ ተሰፍቶ አለቀና አንዷ ሠራተኛ አዳራሹ መሃል ዘረጋችው። ቀይ ከፈይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ! የት እንዳለሁ ጠፋኝና እልልታዬን አቀለጥኩት።

የስፌት መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ። የፋብሪካው ባለቤት፣ አንዲት ቀጭን ሴትዮ፣ ሰው የተጎዳ መስሏት እየሮጠች መጣች። እኔ መግቢያ አጣሁ። ያድኑኛል ብዬ ወደ አያ ታደሰ ብዞር፣ ጫማቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«ምነው አያ? ገና ያልተባረከ ጥላ እኮ ነው!» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ምን ላርግ ልጄ፣ እግሬ ቀደመኝ።»

ሴትዮዋ ምን እንደሆንን ጠየቀች። እሳቸው ኮራ ብለው በቋንቋዋ መለሱላትና ወደ እኔ ዞሩ፤ «እኛ አገር ሸጋ ሥራ የምንረከበው እንዲህ ነው አልኳት።»

ዘንድሮ ሌላ ትእዛዝ ልረከብ ብቻዬን ተመለስኩ። አዳራሹ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። ብገባ ሰፊዎቹ ሁሉ በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ጥላው ተዘረጋ፣ ሴትዮዋ እጇን አነሳች፣ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። የጎንደር እልልታ፣ እዚያ አገር! ከደስታዬ ብዛት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ሴትዮዋ እንባዬን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ወደ ሠራተኞቿ ዞራ ተቆጣቻቸውና እልልታውን እንደገና አስጀመረቻቸው።