ጉበቱን የሚጠብቀው እሬት

የበረሃ አንበጣ የጅጅጋን ዙሪያ በወረረ ጊዜ፣ የግብርና ባለሙያው ባለቤቴ ወደ ቱሊ ጉሌድ ለመድኃኒት ርጭት ተመደበ። ጭንብል፣ ጓንትና ቱታ ተሰጠው። ቱታውን ለበሰ፤ ጭንብሉን ግን ፎቶ ሲነሳ ብቻ ነበር የሚያደርገው። «ሙቀቱን አታውቂውም» ይለኛል፣ እኔ የምኖረው ሌላ አገር ይመስል።

ስጨቀጭቀው ስልኩን አወጣ። የዕፅዋት ጭማቂ ጉበትን ከፀረ ተባይ መርዝ ይከላከላል የሚል ነገር አንብቧል። «በአይጥ ተሞክሯል» አለኝ።

«አይጦቹ የማንን ማሳ ረጩ?» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤቴ ቤተ ሙከራ ሆነ። ኤዶ እያልን የምንጠራት ሶማሌ ጎረቤታችን ከግቢዋ እሬት ቆርጣ ሰጠችው። ለሆድ ድርቀት የፈለገው መስሏት «ትንሽ ብቻ!» ብላ አስጠንቅቃዋለች። እሱ እቴ! ከጥቁር አዝሙድ ጋር በጁስ መፍጫዬ ፈጭቶ ጠርሙስ ሞላ። መፍጫውን ባጥበው ባጥበው ፓፓያው ሁሉ መረረን። ተመራማሪው ግን ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ጨፍኖ ይጨልጣል፤ ከዚያ ሜዳ ወርዶ መርዙ በሚነፍስበት በኩል ፊቱን ገልጦ ይቆማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባልደረቦቹ ደውለው ሆስፒታል ጠሩኝ። ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። እጄን ጭምቅ አድርጎ ሲይዘኝ አሽሙሬ ሁሉ ጠፋብኝ። ልብሱን አውልቀው አጠቡት፣ መርፌ ወጉት፤ አመሻሹ ላይ ትንፋሹ ተስተካከለ።

በማግስቱ ሐኪሙ የደም ምርመራውን ይዞ መጣ። «ጉበቱ ደህና ነው» አለኝ።

ባለቤቴ ከትራሱ ቀና አለ። «አላልኩሽም!»

ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ አየኝ። ስለ እሬቱም፣ ኪስ ውስጥ ስለሚውለው ጭንብልም ነገርኩት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ በሽተኛው ዞረ። «ወላሂ፣ ጉበትዎን ማን ነካው? መርዙ የያዘው ነርቭዎን ነው። እሬቱ ለአይጥ ሠርቶ ይሆናል፤ ለእርስዎ መሥራቱን ያረጋገጠ የለም። ጭንብሉ ግን ይሠራል። ፊት ላይ ከዋለ ማለቴ ነው።»

ቤት ስንገባ ኤዶ ልትጠይቀው መጣች። የጠርሙሱን ጉድ ስትሰማ ራሷን ያዘች። «እኔ እኮ ሆዱ ደርቆ መስሎኝ! ታዲያ ያን ሁሉ እሬት ጠጥቶ እንዴት ነው ሜዳ ላይ የሚውለው?»

ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ግን የዚያን ሰሞን ቱታውን ያጠብኩ ሰው ነኝና መልሱን አውቀው ነበር።

ድኖ ወደ ሥራ ሲመለስ ጭንብሉን ገና ከቤት አጥልቆ ወጣ። በር ላይ ቆሜ ሸኘሁት። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ በጭንብሉ ውስጥ ሆኖ ሰላም ይላል፤ ምን እንደሚል ግን የሚሰማው ሰው አልነበረም።