አዳራሽ ውስጥ የወለቀ ጥርስ

አምበር ከተማ አጠገብ ባለው ሜዳችን የገና ጨዋታ ስንጫወት ደም ሳይፈስ የመሸበትን ቀን አላስታውስም። ከእንጨት የተጠረበችውን ኳስ፣ ሩሯን፣ በቆልማማ ዱላ ከጭንቅላትህ በላይ አንስተህ ትለጋታለህ፤ ሩሯን አገኘህ የሰው ቅልጥም፣ ጠያቂ የለብህም። አንድ የታች ሰፈር ጎረምሳ የታላቅ ወንድሜን የጎን አጥንት የሰበረው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ማታ አብረው ጠላ ጠጡ። የገና ሜዳ ላይ ተመትቶ ቂም መያዝ በእኛ አገር ነውር ነው።

ኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ የአዳራሽ ሆኪ ተጀመረና ሄድን። አሠልጣኙ ስድስት ስድስት አድርጎ አሰለፈን፤ እኔን በረኛ አደረገኝ፣ ወንድሜንና ያን የታች ሰፈር ጎረምሳ ባላጋራ። ወለሉ ሊሾ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ጣውላ ተጋድሟል፤ ኳሷ ስትነካው ትመለሳለች።

"እዚህ መለጋት የለም! ትገፏታላችሁ እንጂ አትመቷትም። ጎል ካልሞከራችሁ በቀር ከመሬት አትነሳም!" እያለ አሠልጣኙ ጮኸ።

ለእኛ ነው እንዲህ የሚባለው? ሜዳ ላይ ቢያንስ መሸሻ አለ። አዳራሹ ውስጥ ግን ከግድግዳ ጋር እየተላተምን ክርናችን ተላጠ፣ ከንፈራችን ተተረተረ። ኳሷ ከጣውላው ተመልሳ እግሩ ሥር ስትገባ ወንድሜ ሜዳ ያለ መሰለው። ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ ለጋት። የጎረምሳውን አፍ አገኘችው። ሁለት የፊት ጥርሶቹን ከነደማቸው መዳፉ ላይ ተፋቸው።

ወንድሜ እንደ ሜዳው ልማድ እየሳቀ ሊያነሳው ሄደ። ጎረምሳው እጁን ገፈተረው።

"ይኸ የገና ሜዳ አይደለም። ቀኑም ገና አይደለም። ጠብቀኝ፣ እገድልሃለሁ!"

በማግስቱ ጠመንጃ ሲወለውል ታየ ተባለ። እናቴ ወንድሜን ከቤት አላስወጣ አለች። እኔ በንዴት ጦፍሁ፤ የጎን አጥንት ያላጣላ ሰው በጥርስ ይገዳደላል? ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ትልቁ ዘንድ ሄጄ ይህንኑ ጮህሁባቸው።

"ልጄ፣ የእናንተ ደም ቤት ውስጥ ቀርቷል። ወደ ሜዳ ይውጣ" አሉኝ።

"ምን እያሉኝ ነው፣ አባቴ?"

"ገና ሲደርስ ሜዳ ላይ ይጋጠሙ፤ እዚያ የፈሰሰ ደም ቂም የለውም። እስከዚያ ጠመንጃ እንዳይነሳ እናስምላቸዋለን።"

ገና ደረሰ። ሩሯ ወንድሜ እግር ሥር ገባች፤ ጎረምሳው ዱላውን አንስቶ ሲመጣ ወንድሜ አየው። መሸሽ ይችል ነበር። አልሸሸም። ቅልጥሙ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ደሜ ፈልቶ ዱላዬን ይዤ ስንደረደር፣ ወንድሜ እንደተዘረረ አምባረቀብኝ፦

"ተው! ሜዳ ላይ ነን!"

ጎረምሳው ዱላውን ጣለ። ወንድሜን አዝሎ ዳገቱን ወጣ፣ እኔ የተሰበረውን እግር ደግፌ ተከተልሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። የተንጠለጠለውን እግር አየች፤ ቀጥላ ማን እንዳዘለው አየች።

እልል አለች።