ቁጭ ብድግ በአውድማው ላይ

መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ የነበረበት ጦር ተበተነና እሱ ወደ መንደራችን ወደ ቀየት፣ ወደ እኔ ቤት መጣ። ቀኝ ጉልበቱን ፍንጣሪ አግኝቶታል። ያከመችው ነርስ «ካላሠራኸው እንጨት ይሆናል፤ ካጣደፍከውም ይብስብሃል» ብላ አስተምራው ነበር። በእንጨት እግር ደግሞ ማረስ የለም፤ መተዳደሪያው ያቺው የገብስ ማሳው ናት።

እናም ማለዳ ማለዳ ጉሙ ሳይገለጥ ጓሮ ወዳለው አውድማ ይወጣል። እኔም የደረቀ ወገቤን ይዤ አብሬው መቆም ጀመርኩ። ሥራው ቁጭ ብድግ ነው። ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፣ ጉልበቱ የሚለውን ያዳምጣል፣ ይተነፍሳል፣ ይነሣል። እኔ ቸኩዬ ዘጭ ስል፣

«ጋሼ፣ ማን እያባረረዎ ነው? ልብዎ እዚህ ይሁን» ይለኛል።

ጎረቤታችን ሴትዮ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዕንቁላል ልትጥሉ ነው?» ትላለች። እንስቃለን። ችግሩ ወንድሜ ሲቆጥር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ጦር ውስጥ የለመደውን ማን ያስተወዋል? ሁለት ሦስት ጎልማሶችም ለጨዋታ ብለው ከኋላችን ተሰለፉ። ለመንገደኛ ከጉሙ ውስጥ የሚሰማው የቆጠራው ድምፅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጠመንጃ ቤት ለቤት የሚለቀምበት ወቅት ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ከአንድ ታጣቂ ጋር መጣ። ተቀመጥ ብንለው አልተቀመጠም።

«ለምንድን ነው የምታሠለጥናቸው?»

«ለጉልበቴ ነው» አለ ወንድሜ።

«የአንተን ጉልበት የእነሱ ቁጭ ብድግ ያድነዋል?»

ሊቀ መንበሩም «ሁለተኛ እዚህ ሲቆጠር እንዳልሰማ» ብሎ ሄደ። ጎልማሶቹ ከዚያ ወዲያ በደጃችንም አላለፉ። ጎረቤታችንም በአጥሩ ብቅ ማለቷን ተወች፤ ወንድሜም ወደ አውድማው መውጣቱን አቆመ።

ዐቢይ ጾም ገባ። የንስሐ አባታችን ነገሩን ሰምተው፣ «መጥተህ ስገድ። ለነፍስህ ብለህ ስትሰግድ እግርህም ቢጠቀም ማን ይከፋዋል?» አሉት። ያን ሁሉ ጾም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከምእመኑ ጋር ሰገደ፤ እንደዚያው በዝግታ፣ እንደዚያው እየተነፈሰ። እግሩም ፈታ አለ። ታጣቂው ከጥዱ ሥር ቆሞ ያየዋል፤ የሚሰግድን ሰው ግን ምን ይለዋል?

ፋሲካ መጣ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት የለም። ለሌላው ሰው ደስታ ነው፤ እኔ የወንድሜን አካሄድ ማየት ፈራሁ። እግሩ ከቀን ወደ ቀን ይከብደው ጀመር፤ ከመደብ ሲነሣ ግድግዳ ይይዛል። የእርሻው ጊዜ ደግሞ ቀርቧል።

«ቤት ውስጥ አድርገው፤ በሩን እንዘጋዋለን» አልኩት።

«በር ከዘጋንማ ጋሼ፣ ያኔ እውነትም አንድ ነገር አስበዋል ይባላል።»

በማግስቱ ማለዳ አውድማው ላይ ወጣ። ሳይቆጥር ጀመረ። እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ኮቴ ተሰማ፤ የአንድ ሰው አይደለም። ሊቀ መንበሩና ታጣቂዎች ከአጥሩ ማዶ ቆሙ።

«ና፣ ውጣ!» አለ ሊቀ መንበሩ።

ወንድሜ ግማሽ ወርዶ ነበር። «ቆይ፣ ልነሣ» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

አንዱ ታጣቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ወንድሜ ተነፈሰ፤ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። ጋቢዬን አውልቄ አለበስኩት። ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

መሃል አድርገው ነዱት፤ ወዲያው ጉሙ ዋጣቸው። የሚጎትተው እግር ድምፅ ግን ይሰማኝ ነበር፤ ከሚችለው በላይ እየፈጠነ።