የማይነካው የአባቴ ራዲዮ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሸተኝ የተጠበሰ ዓሣና በፀሐይ የጋለ የመኪና ወንበር ነበር። ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን አሮጌዋን ኮሮላ አስነስተን ጣና ዳር እንወርዳለን። አባቴ የመኪናዋን ፊት ወደ ውኃው አዙሮ ያቆምና አራቱንም በሮች ይከፍታል። ከዚያ ራዲዮ ነው። አድማጮች ለወዳጅ ዘመድ ሰላምታ የሚልኩበት የዘፈን ምርጫ ነበር። እናቴ ዘፈኑን፣ አባቴ ደግሞ ስሞቹን ይጠብቃሉ፤ ከሐይቁ ማዶ፣ በጎርጎራ በኩል የቀሩ የድሮ የሥራ ባልደረቦች ነበሩት። የአንዱ ስም የተጠራ እንደሆነ "ሰማችሁ?" ይለናል። እኔም ሰኞ ማክሰኞ እየዘለልሁ "ሰማን!" እላለሁ።

አባቴ ጉልበቱን የጨረሰው በጣና ጀልባዎች ላይ፣ በሞተረኛነት ነው። ከሞተር ጎን እየዋለ ጆሮው ቀስ በቀስ ከዳው። ይህ ግን እኛ ቤት አይነገርም። እሱ እንደሚለው የደከመው ራዲዮው እንጂ ጆሮው አይደለም። ራዲዮው ፋብሪካ የገጠመው ትንሽ ነገር ስለነበር እስከ መጨረሻው ሲከፍተው ድምፁ ይቀደድና ዘፈኑ ከወሬው አይለይም። "ይች ራዲዮ አርጅታለች" ብሎ ያጠፋዋል። ሰፈሩ ሁሉ "ሰውየው እኮ ደነቆረ" ይላል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አያውቅም። በመጨረሻ ጣና ዳር መውረዱንም ተወው። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአጥሩን ቆርቆሮ ማየት ጀመረ። እኔን ያንገበገበኝ ያ ነው። ቅዳሜያችንን ማንም እንዲወስድብን አልፈለግሁም፣ እርጅናም ቢሆን።

እናቴ አዲስ ራዲዮ እናስገጥም ስትለው እሳት ጎርሶ ተነሣ። "ፋብሪካው ከመኪናዋ ጋር የሰጣትን ማንም አይነቅላትም! በሕይወቴ እያለሁ አትነካም!" ብሎ ማለ። አባቴ ከማለ ማለ ነው።

አጎቴ ሚኒባሱን ሲሸጥ ያስቀረውን አምፕሊፋየር፣ የራዲዮ ድምፅ የሚያጎላውን ሳጥን፣ ለምኜ ወሰድሁ። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ። ሳጥኑን ታቅፌ ፔዳ አካባቢ ቴፕና ራዲዮ ወደሚጠግነው ዘሪሁን ሄድሁ። የሰፈራችን ሴቶች "ሴት ልጅ ከሽቦ ጋር ምን አላት?" አሉ። ይበሉ።

ዘሪሁን መኪናዋን ያውቃት ነበርና ገና ሲሰማኝ ሳቀ። "የእሷ ራዲዮ ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ የለውም። ነቅለሽ ጣይውና ሌላ እንግጠም።"

"አይነቀልም" አልሁት።

"እንግዲያው አይሆንም።"

ከበሩ ላይ አልሄድም ብዬ ቆምሁ። ደንበኛ ገባ፣ ደንበኛ ወጣ፤ እኔ እዚያው ነኝ። በመጨረሻ ተሸነፈልኝ። "አንች ልጅ ግትር ነሽ። በቃ፣ ድምፁ ወደ ኋላ ስፒከሮች ሲሄድ መንገድ ላይ እንጠልፈዋለን። ራዲዮው ከቦታው አይነቃነቅም" አለኝ።

ሥራውን የሠራነው አባቴ በእግሩ ወርኃዊ ማኅበሩን ሊጠጣ በሄደበት ቀን፣ ግቢያችን ውስጥ ነው። እናቴ "እኔ ምንም አላየሁም" ብላ ወደ ቤት ገባች፤ ጥቂት ቆይታ የእጅ ባትሪ ይዛ መጥታ አበራችልን። ዘሪሁን አምፕሊፋየሩን ከኋላ ስፒከሮቹ ሽቦ ላይ ቀጠለው፣ ወፍራሙን ሽቦ በፊውዝ አድርጎ ከመኪናዋ ባትሪ ሳበ፣ ኔጋቲቩን ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ካለ ብሎን ጋር አሰረው። ከዚያ ሞተር አስነሥቶ ራዲዮውን ከፈተ። ከዘፈኑ በላይ አንድ ክፉ ጩኸት መጣ። ነዳጅ ሲረግጥ ይጮሃል፣ ሲለቅ ይወርዳል። ዘሪሁን አንዱን ሽቦ ሲፈታ ሌላውን ሲያስር ላብ አጠመቀው። በዚህ መሐል የግቢው በር ተከፍቶ አባቴ ገባ።

መሐላው ትዝ አለኝ። እሱ ግን አልተቆጣም። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"ምንድን ነው ይኼ የሚጮኸው?"

እናቴ የእጅ ባትሪውን ከእጇ ጣለችው። ሰምቷል!

"ኔጋቲቩን የት አሰራችሁት?" አለ ጎንበስ ብሎ።

"እዚህ ብሎን ላይ ነው ጋሼ" አለ ዘሪሁን እየጮኸ፣ በጣቱ እያሳየ።

"ቀለሙን ፋቅኸው?"

አባቴ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ብሎኑን ፈታ፣ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፋቀና ሽቦውን መልሶ አሰረው። "ጀልባ ላይም ሽቦዋ እንዲህ ታለቅስ ነበር። ራቁት ብረት ካላገኘች ዝም አትልም" አለ። ጩኸቱ ጠፋና ዘፈኑ ብቻውን ቀረ። አባቴ ወደ ፊት ሄዶ ራዲዮውን በጣቱ ዳሰሰው።

"አልነካችኋትም?"

"አልነካናትም፣ አባባ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጣና ዳር ወረድን። አራቱም በሮች ተከፈቱ፤ ራዲዮው ሲጮህ ወፎች ከደንገሉ ውስጥ ተነሡ። አንድ ከፍቅረኛው ጋር የተቀመጠ ወጣት መጥቶ "እትዬ፣ እባክዎ ይቀንሱልን" አለ። እናቴ ለጎረቤት እንኳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን ከመኪናዋ ወርዳ ፊቱ ቆመች።

"አንተ ስንት ቅዳሜ ሰምተሃል፤ ዛሬ የእሱ ተራ ነው!"

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ከጎርጎራ አንድ ስም ተጠራ። አባቴ እንደ ድሮው "ሰማችሁ?" አላለንም። መሪውን በመዳፉ መታ አድርጎ "ሰማሁ" አለ። እኔ ፊቴን ወደ ውኃው አዙሬ አለቀስሁ።

ዛሬ ጣና ዳር መኪና የሚቆምበት ቦታ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። እኔም የራሴን መኪና እነዳለሁ፤ ገና ስገዛት ፋብሪካ በገጠመው ራዲዮ ላይ አምፕሊፋየር አስቀጠልሁ። "ምን ጎደለሽ?" ያሉኝ ብዙ ናቸው። የጎደለው ለእኔ አልነበረም። አባቴ አሁን ምንም አይሰማም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይዤው እወርዳለሁ። መዳፉን በሩ ላይ፣ ስፒከሩ ያለበት ቦታ ይለጥፋል። ዘፈኑ ሲመታ ጣቶቹ አብረው ይመታሉ፤ ዓይኑ ወደ ጎርጎራ ነው።

ሁልጊዜም አንድ ሰው መጥቶ መስኮቱን ያንኳኳል። "እህቴ፣ ሰው እየተረበሸ ነው፤ ቀንሽው" ይለኛል። እናቴ ዛሬ የለችም፤ መልሱን ግን ትታልኝ ሄዳለች። መስኮቱን ዝቅ አደርግና "ዛሬም የእሱ ተራ ነው" እለዋለሁ።